በሁለት ሳህን መካከል፦ ሥዕል በሞላበት ትንሽ የቱሪን ምግብ ቤት እንዴት እራት እንደሚበላ

ቱሪን፣ ጣልያኖቹ ቶሪኖ የሚሏት የፒየሞንቴ ዋና ከተማ፣ ከ10 እስከ 15 ጠረጴዛ ብቻ የሚይዙ፣ ባለቤቱ ራሱ ወጥቶ የሚያስተናግድባቸው፣ ግድግዳቸው ግን ከዳር እስከ ዳር በዘመናዊ ሥነ ጥበብ የተሞላ ትንንሽ ምግብ ቤቶች የሚገኙባት ከተማ ናት። እንዲህ ወዳለው ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገባ የአገራችን ሰው ሁለት ነገሮች ግር ይሉታል። የመጀመሪያው፣ ምግቡ በአንድ ትሪ ተሰብስቦ በመቅረብ ፈንታ ተራ በተራ፣ በመካከሉም አንዳንዴ ሃያ ደቂቃ እያስጠበቀ መምጣቱ ነው። ሁለተኛው፣ ፊት ለፊቱ የተሰቀለው የጆንያ ቁራጭ፣ የኒዮን መብራት ወይም የዛገ ብረት የጥበብ ሥራ ይሁን የተረሳ ዕቃ ለመለየት መቸገሩ ነው። በእኔ እምነት አንዱ ችግር የሌላው መፍትሔ ነው። በሁለት ሳህን መካከል ያለው ጥበቃ ግድግዳውን በእርጋታ ለማየት የሚገኝ ምርጥ ጊዜ በመሆኑ፣ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ፣ ከጠረጴዛ ማስያዝ ጀምሮ ሂሳብ እስከ መክፈል ድረስ፣ ያ ጊዜ በከንቱ እንዳያልፍ የታሰበ ነው።

በቅድሚያ የሚሄዱበት ቤት ከየትኛው ዓይነት እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል፤ ሥዕሎቹ እዚያ የደረሱበት መንገድ ከባለቤቱ ጋር የሚኖርዎትን ንግግር ይወስነዋልና። አንዳንዱ ቤት ሥዕሎቹን ያገኘው በዱቤና በወዳጅነት ነው። ይህ በጣልያን የቆየ ልማድ ሲሆን፣ ሮም ውስጥ ቪያ ፍላሚኒያ በሚባለው መንገድ የነበረው የመንጊ ወንድማማቾች ኦስቴሪያ (ተራ ምግብ ቤት) ለምሳሌ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ገና ስም ያላወጡ ሠዓሊዎችና የፊልም ሰዎች በዱቤ የሚበሉበት ቤት ነበር። እንዲህ ባለው ቤት የተሰቀለ ሥዕል ብዙውን ጊዜ አይሸጥም፤ ዋጋውን መጠየቅ የቤተሰብ ፎቶግራፍ ስንት ያወጣል ብሎ እንደ መጠየቅ ነው። ሌላው ዓይነት ቤት ከጋለሪ ወይም ከሠዓሊው ጋር ተስማምቶ ሥዕሎቹን በየተወሰነ ጊዜ ይቀያይራል። እዚህ ከሥራው ጎን በተለጠፈ ትንሽ ወረቀት ላይ የሠዓሊው ስም፣ የሥራው ርዕስ፣ የተሠራበት ዓመትና የተሠራበት ነገር ይጻፋል፤ ወረቀቱ ላይ ቀይ ነጥብ ካለ ሥዕሉ ተሽጧል ማለት ነው። አዲስ አበባ ቦሌ መንገድ ላይ ማኩሽ የሥዕል ጋለሪና ሬስቶራንትን ያየ አንባቢ ይህ አሠራር እንግዳ አይሆንበትም፤ የጣልያን ምግብ እየበሉ የኢትዮጵያ ሠዓሊዎችን ሥራ ማየትና መግዛት እዚያም ተለምዷል። የቀረው ዓይነት ባለቤቱ ራሱ ሥዕል ሰብሳቢ የሆነበት ቤት ነው። ይህን ሰው ማናገር ከሁሉም ይቀላል፣ ማስቆም ግን ያስቸግራል።

ቀን ሲመርጡ የምሳና የእራትን ልዩነት ያስቡበት። በምሳ ሰዓት ብዙዎቹ ቤቶች ለሠራተኞች የተዘጋጀ ርካሽ ምሳ ያቀርባሉ፣ ሥዕሎቹም በተፈጥሮ ብርሃን ይታያሉ፤ የዘይት ቀለምን ጉብታና ጎድጓዳ በመስኮት ብርሃን ያየ ሰው በማታ አምፖል ያየውን ይንቀዋል። ችግሩ በምሳ ሰዓት ሁሉም የሚቸኩል በመሆኑ ሳህኖቹ ተከታትለው ይመጣሉ፤ የፈለግነው ክፍተት አይገኝም። ስለዚህ ቤቱን አስቀድሞ ለማየት ምሳ፣ በትክክል ለመብላት ደግሞ እራት እመርጣለሁ። እሑድ ማታና ሰኞ ብዙ ትንንሽ ቤቶች ይዘጋሉ፤ በኦገስት አጋማሽ ደግሞ ባለቤቶቹ ለእረፍት ስለሚወጡ ሳይደውሉ መሄድ አያዋጣም። በኖቬምበር መጀመሪያ ገደማ አርቲሲማ የተባለው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ገበያ በከተማው ሲካሄድ የጋለሪ ሰዎች ጠረጴዛዎቹን ሁሉ ይይዟቸዋል። በዚያ ሰሞን መብላት ለሚፈልግ ሰው ከሳምንታት በፊት ማስያዝ ግድ ሲሆን፣ ማን ከማን ጋር እንደሚበላ ማየት ለሚወድ ግን ከዚያ የተሻለ ሰሞን የለም።

ጠረጴዛ ሲያስይዙ በሰዓት አቆጣጠር አይሳሳቱ። የትንሽ ምግብ ቤት እራት ብዙውን ጊዜ ከ19:30 ይጀምራል፤ ይህ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ነው። ጣልያኖቹ በ24 ሰዓት ስለሚቆጥሩ ለምሽቱ 2 ሰዓት «አሌ ቬንቲ» (በሃያ ሰዓት) ማለት ይበቃል። በእኛ አቆጣጠር «ሁለት ሰዓት» ተብሎ የተቀጣጠረ ጓደኛ የጣልያን ሁለት ሰዓት መስሎት ቀን ላይ ደርሶ የተዘጋ በር ሲያንኳኳ አውቃለሁ። በደንብ ለመመልከት የሚፈልግ ሰው ለ19:30 ያስይዝ። ክፍሉ እስኪሞላ ድረስ ያለው ግማሽ ሰዓት ግድግዳዎቹ ከሰው ራስ ነፃ የሚሆኑበት ጊዜ ነው።

ስለ መቀመጫ አንድ ነገር ብቻ ልብ ይበሉ፦ ከሥዕል ሥር የተቀመጠ ሰው ሥዕሉን አያይም። ሰዎች ብዙ ጊዜ ለእንግዳቸው ክብር ብለው በትልቁ ሥዕል ሥር ያለውን ወንበር ይሰጡታል፤ እንግዳውም ማታውን ሙሉ የሌላውን ሰው ፊትና የወጥ ቤቱን በር ሲያይ ያመሻል። ለሚያከብሩት ሰው ከሥዕሉ ፊት ለፊት ያለውን ወንበር ይስጡት፤ ሲደውሉም «ከእገሌ ሥራ ፊት ለፊት» ብሎ መጠየቅ አያሳፍርም፣ እንዲያውም ባለቤቱን ደስ ያሰኘዋል። ሲገቡ ካፖርትዎንና ቦርሳዎን የሚያኖሩበትን ቦታ ይጠይቁ እንጂ በራስዎ አይወስኑ። እኔ አንድ ዝናባማ ምሽት ጃንጥላዬን በሩ አጠገብ በቆመ የብረት በርሜል ውስጥ ጥዬ ገባሁ፤ ባለቤቱ ምንም ሳይናገር አውጥቶ ሌላ ቦታ ሲያኖረው ነው በርሜሉ ርዕስና ዓመት ያለው ሥራ መሆኑ የገባኝ።

አሁን ወደ ምግቡ እንምጣ። የጣልያን ማዕድ ሙሉ ሲሆን አራት ደረጃ አለው፦ መክፈቻው አንቲፓስቶ፣ ከዚያ ፓስታ፣ ሩዝ ወይም ሾርባ የሚቀርብበት ፕሪሞ፣ ቀጥሎ ሥጋ ወይም ዓሣ የሚቀርብበት ሰኮንዶ፣ በመጨረሻም ጣፋጩ ዶልቼ። ከሰኮንዶ ጎን የሚበላው አትክልት ኮንቶርኖ ይባላል፤ ራሱን ችሎ ካልታዘዘ አይመጣም። ፓስታ፣ ፉርኖ፣ ሰላጣ፣ ማኪያቶ የሚሉትን ቃላት ከአገር ቤት ይዘናቸው ስለመጣን የምናውቀው ይመስለናል፤ ነገር ግን አዲስ አበባ ላይ ፓስታ ሙሉ ምሳ ሲሆን እዚህ ግን የመንገዱ አጋማሽ ነው፣ ሳህኑም በዚያው ልክ ያነሰ ነው። አራቱንም ማዘዝ ግዴታ አይደለም። እኔ የምመክረው አንድ አንቲፓስቶ ለሁለት ሰው፣ ከዚያ ለየራስ አንድ ፕሪሞ፣ መጨረሻ ላይ ዶልቼ ነው። በዚህ አሠራር ሁለት ጥሩ ክፍተቶች ይገኛሉ፣ ሁለቱም ሰውየው ጥቂት ከቀመሰ በኋላ የሚመጡ ናቸው። አንድ ፓስታ ብቻ ያዘዘ ሰው ያለው ጥበቃ ከምግብ በፊት ያለው ብቻ ነው፤ የተራበ ሰው ደግሞ ሥዕል አያይም፣ የሚያየው የወጥ ቤቱን በር ነው። «ሁሉም በአንድ ላይ ይምጣልን» ብሎ መጠየቅም ይቻላል፤ ምግብ አብሳዩ ቅር እያለው ያደርገዋል፣ እርስዎም የመጡበትን ግማሽ ያጣሉ።

ለአገራችን ሰው ልብ የሚቀርበው አንቲፓስቶ ካርኔ ክሩዳ ነው። ስሙ በቀጥታ ጥሬ ሥጋ ማለት ሲሆን፣ ፋሶና ከሚባለው የፒየሞንቴ የከብት ዝርያ ጥጃ የተወሰደ ስብ የሌለው ሥጋ በመፍጫ ሳይሆን በቢላ ተከትክቶ የወይራ ዘይትና ጨው፣ አንዳንዴም ጥቂት ሎሚና የነጭ ሽንኩርት ሽታ ብቻ ይነካዋል። የክትፎ ዘመድ ነው፣ ግን ክትፎ አይደለም። ሚጥሚጣ የለውም፣ የተነጠረ ቅቤም የለውም፤ ለብ ለብ የሚባል አማራጭ አይታወቅም፣ መጠኑም ትንሽ ነው። በቅመም የለመደ ምላስ መጀመሪያ ላይ ባዶ ይሆንበታል። ሁለት ሦስት ጉርሻ ድረስ ቢታገሡት ግን ቅመም ሸፍኖት የነበረው የሥጋው የራሱ ጣፋጭነት ይገለጣል፤ እኔ ሚጥሚጣ በኪሴ ይዤ ሄጄ ሳላወጣው የተመለስኩበት ምሽት ነበር። ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ባለው ጊዜ የአልባ ነጭ ትሩፍል፣ ከመሬት ውስጥ በውሻ እየተፈለገ የሚወጣው ውድ እንጉዳይ፣ በላዩ እየተላጠ ይቀርባል። ዋጋው በግራም ስለሚሰላ አስተናጋጁ መላጫውን ከማንሳቱ በፊት ስንት እንደሆነ ይጠይቁ፤ በቂ ሲሆንም «ባስታ» ይበሉ፣ ዝም ካሉ እጁ አይቆምም።

በብርድ ወራት ባኛ ካውዳ ካገኙ አይለፉት። ነጭ ሽንኩርት፣ በጨው የተቀመጠ አቹጋ የተባለ ትንሽ ዓሣና የወይራ ዘይት በዝግታ ቀልጠው የሚሠሩት ትኩስ ማጥለቂያ ሲሆን፣ ቃሪያና ሌላ አትክልት እየነከሩ ይበሉታል። በድሮው ልማድ ቤተሰቡ በአንድ ማሰሮ ዙሪያ ተሰብስቦ ስለሚበላው፣ በመሶብ ዙሪያ ላደገ ሰው አቀማመጡ አዲስ አይደለም። በማግስቱ የነጭ ሽንኩርቱ ሽታ አብሮዎት እንደሚውል ግን አስቀድሞ ይታወቅ፤ ከቀጠሮ በፊት አይበላም።

ከፕሪሞዎቹ ታያሪን፣ ማለትም ለአንድ ኪሎ ዱቄት እስከ 30 የእንቁላል አስኳል ሊገባበት የሚችል ቀጭን ፓስታ፣ እና በሥጋ የተሞላው ትንሹ አኞሎቲ የአካባቢው ኩራት ናቸው። በነገራችን ላይ በዚህች ከተማ ሥነ ጥበብና ፓስታ ተጣልተው ያውቃሉ። ፉቱሪስት የሚባሉት ሠዓሊዎችና ገጣሚዎች መሪ ፊሊፖ ቶማሶ ማሪኔቲ በዲሴምበር 1930 ጋዜታ ዴል ፖፖሎ በተባለው የቱሪን ጋዜጣ ባወጣው መግለጫ ፓስታ ሰውን ያደነዝዛልና ከጣልያን ማዕድ ይጥፋ ብሎ አወጀ፤ በማርች 1931 ደግሞ ሳንቶፓላቶ የተባለ፣ ውስጡ በአሉሚኒየም ያጌጠ የፉቱሪስቶች ምግብ ቤት እዚሁ ተከፈተ። ምግብ ቤቱ ዛሬ የለም፣ ፓስታው አለ። ይኸው ማሪኔቲ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኢትዮጵያን ለመውረር በተከፈተው ጦርነት በፈቃደኝነት የዘመተ ሰው ስለሆነ፣ ታያሪን በበላሁ ቁጥር የፓስታ ድል ለእኔ ሁለት ጊዜ ይጣፍጠኛል። ሳህኑ ላይ የቀረውን ስጎ በዳቦ መጥረግ «ስካርፔታ» ይባላል፤ በትንሽ ቤት ነውር አይደለም፣ ወጥ ቤቱም እንደ ምስጋና ይቆጥረዋል።

ጾመኛ አንባቢ፣ ወይም በሃይማኖቱ ምክንያት የአሳማ ሥጋ የማይበላ፣ እዚህ ላይ ቆም ብሎ እንዲያነብ እለምናለሁ። በአውሮፓ ሕብረት ሕግ ምግብ ቤት በየምግቡ ውስጥ ወተት፣ እንቁላል፣ ዓሣና ሌሎች አለርጂ የሚያስነሡ ነገሮች፣ በጠቅላላ 14 ዓይነቶች፣ መኖራቸውን ማሳወቅ አለበት፤ አሳማ ግን አለርጂ ስላልሆነ ከእነዚህ ውስጥ የለም። ስለዚህ የምግብ ዝርዝሩ ዝም ቢል ምንም ማረጋገጫ አይደለም። አኞሎቲው ውስጥ ብዙ ጊዜ የአሳማ ሥጋ ከሌላ ሥጋ ጋር ይደባለቃል፤ ራጉ በሚባለው የሥጋ ስጎም እንዲሁ፤ ጠረጴዛው ላይ በነፃ የሚቀመጠው ግሪሲኒ የተባለው ቀጭን ደረቅ የዳቦ ዘንግ እንኳ አንዳንዴ በአሳማ ስብ ይቦካል። «ቼ ማያሌ?» (አሳማ አለበት?) የሚለውን ጥያቄ በቃል ይያዙት፤ ስለ ስቡ ደግሞ «ቼ ስትሩቶ?» ብለው ይጨምሩ። ወይን ጠጅ የማይነካ ሰው በወይን የሚቀቀሉ ሥጋዎች እንዳሉ ይወቅ፤ በባሮሎ ወይን የሚበስለው ብራሳቶ ዋናው ነው።

ለጾም ታያሪን በእንቁላሉ፣ ሪዞቶ የተባለው የሩዝ ምግብ በቅቤውና በፎርማጆው ይቀራሉ፤ ባኛ ካውዳም በዓሣው ምክንያት ለብዙው ሰው አይሆንም። የሚሆነው ደረቅ ፓስታ በቲማቲም ስጎ ያለ ፎርማጆ፣ ወይም በነጭ ሽንኩርት፣ በዘይትና በቃሪያ የተሠራው ነው። ቤቱ ካለው ደግሞ ፋሪናታን ይጠይቁ፦ የሽምብራ ዱቄት፣ ውሃ፣ ዘይትና ጨው ብቻ ተቀላቅለው በምድጃ የሚጋገሩበት ስስ ቂጣ ሲሆን፣ ሽሮ የለመደ ሰው ሽታውን ገና ከሩቅ ያውቀዋል። ረጅም ማብራሪያ ከመስጠት «ቬጋኖ» የሚለው አንድ ቃል ይበልጥ ይገባቸዋል፤ እሱም ካልበቃ «ሴንጻ ካርኔ፣ ሴንጻ ኡኦቫ፣ ሴንጻ ላቴ፣ ሴንጻ ቡሮ» (ያለ ሥጋ፣ ያለ እንቁላል፣ ያለ ወተት፣ ያለ ቅቤ) ይበሉ። ይህን ሁሉ ጠረጴዛ ሲያስይዙ ቢናገሩት ትንሹ ወጥ ቤት ተዘጋጅቶ ይጠብቅዎታል፤ አስተናጋጁ ሦስት ሳህን ተሸክሞ ሲያልፍ ከተናገሩት ግን የሚያገኙት ሰላጣ ነው።

ውሃ በጠርሙስ ይገዛል፤ «ፍሪዛንቴ» ማለት እንደ አምቦ ጋዝ ያለው ነው። ወይን ለመምረጥ ብዙ አይጨነቁ፤ ባርቤራ ወይም ዶልቼቶ በብርጭቆ ማዘዝ ለእንዲህ ያለ ማዕድ ይበቃል።

አንቲፓስቶው ተነሥቶ ፕሪሞው እስኪመጣ ያለው ጊዜ የመጀመሪያው ክፍተት ነው። ይህን ጊዜ ስልክ በማየት አያሳልፉት፣ ክፍሉን ሁሉ ለማየትም አይሞክሩ። አንድ ሥራ ብቻ ይምረጡ። አብዛኛው ሰው «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ይጀምርና ወዲያው ይሸነፋል፤ «ከምን ተሠራ?» ብሎ መጀመር ይሻላል፣ መልሱም ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። ይህ ጥያቄ በተለይ ለቱሪን የሚስማማበት ምክንያት አለ። በ1967 ጀርማኖ ቼላንት የተባለ የጥበብ ሐያሲ «አርቴ ፖቬራ»፣ ማለትም የድሃ ጥበብ፣ ብሎ የሰየመው እንቅስቃሴ ዋና ማዕከሉ ይህች ከተማ ነበረች። ሠዓሊዎቹ ውድ ቀለምና ነሐስ ትተው በጨርቅ፣ በአፈር፣ በከሰል፣ በድንጋይና በዛፍ ግንድ ይሠሩ ጀመር። ጣልያኖች የገበሬውን ምግብም «ኩቺና ፖቬራ»፣ የድሃ ማብሰል፣ ይሉታል። ባኛ ካውዳን ያስገኘችው አቹጋ ከባሕር ወደ ተራራማው ፒየሞንቴ በጨው ታሽታ በነጋዴዎች ጋሪ የምትመጣ የድሃ ዓሣ ነበረች። ስለዚህ ሳህኑም ግድግዳውም የሚጠይቁዎት አንድ ነገር ነው፦ ከጥቂትና ከተናቀ ነገር ምን ያህል ማውጣት ይቻላል?

ከእነዚህ ሰዎች ሥራ ለምግብ ቤት ቅርብ የሆነው የጆቫኒ አንሴልሞ የ1968 ሥራ ነው። አንድ ትንሽ የጥቁር ድንጋይ ቁራጭ በመዳብ ሽቦ ከትልቅ ድንጋይ ጋር ታስሮ በመካከላቸው ትኩስ ሰላጣ ተወትፏል። ሰላጣው ሲጠወልግ ሽቦው ይላላል፣ ትንሹ ድንጋይም ይወድቃል፤ እንዳይወድቅ በየጊዜው ትኩስ ሰላጣ መተካት አለበት። ሥራው «የሚመገብ አወቃቀር» ተብሎ ይጠራል፣ በእርግጥም ይመገባል። እንዲህ ያለውን ዋና ሥራ በትንሽ ምግብ ቤት አያገኙትም፤ እዚያ የሚያገኙት ብዙውን ጊዜ ከእነሱ የተማሩትን የአካባቢ ሠዓሊዎች ነው። ለዚህም ነው ከእራቱ በፊት በነበረው ከሰዓት በኋላ በ1984 የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ሆኖ ወደ ተከፈተው የሪቮሊ ቤተ መንግሥት፣ ወይም በከተማው ውስጥ ወዳለው ፎንዳሲዮኔ ሜርስ መሄድን የምመክረው። የኋለኛው የማሪዮ ሜርስ መታሰቢያ ነው። ሜርስ እያንዳንዱ ቁጥር የቀደሙት ሁለቱ ድምር የሆነበትን የፊቦናቺን ተከታታይ ቁጥር፣ 1፣ 1፣ 2፣ 3፣ 5፣ 8፣ 13 እያለ የሚሄደውን፣ በኒዮን ይጽፍ ነበር፤ በ1971 ናፖሊ ውስጥ ባለ የፋብሪካ መመገቢያ አዳራሽ ሠራተኞቹ በዚያው ቁጥር ልክ ገበታ ላይ ሲጨመሩ በተከታታይ ፎቶግራፍ አሳይቷል። ይህን ያወቀ ሰው በ19:30 ባዶ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ጠረጴዛዎቹ አንድ በአንድ ሲሞሉ መቁጠር ይጀምራል።

መስታወት የሆነ ሥዕል ካጋጠመዎት ደግሞ ነገሩ ይለያል። ሚኬላንጄሎ ፒስቶሌቶ ከ1962 ጀምሮ በተወለወለ ብረት ላይ የሰው ምስል እያኖረ ተመልካቹ ራሱ ከሥዕሉ ሰዎች ጋር እንዲቆም አድርጓል። ከ1757 ጀምሮ የሚታወቀው የቱሪኑ ዴል ካምቢዮ፣ ትንሽም ርካሽም ያልሆነ ሬስቶራንት፣ በአዳራሹ የእሱ የመስታወት ሥራዎች አሉት። ትንንሾቹም ቤቶች ይህን ሐሳብ ወደውታል። ከመስታወት ፊት ሲቀመጡ ራስዎን ሲበሉ ማየት መጀመሪያ ያሳፍራል፤ ወንበርዎን ጥቂት ወደ ጎን ካዞሩት ግን ከራስዎ ይልቅ የኋለኛውን ጠረጴዛ ያያሉ፣ ሥዕሉም ሕይወት ይዘራል።

ሁሉም የተሰቀለ ነገር ጥሩ ነው ማለቴ አይደለም። እውነቱን ለመናገር በምግብ ቤት ከሚሰቀሉት ብዙዎቹ ለወንበሩ ቀለም እንዲስማሙ የተመረጡ ናቸው። እኔ የምለይበት ቀላል መንገድ አለኝ፦ ሥዕሉን በመጀመሪያው ክፍተት አየዋለሁ፣ ፕሪሞዬን ስበላ እረሳዋለሁ፣ ዶልቼው እስኪመጣ ባለው ሁለተኛው ክፍተት እንደገና አየዋለሁ። መጀመሪያ ያላየሁትን አንድ ነገር ካገኘሁበት ሥዕል ነው፤ ያው ሆኖ ከጠበቀኝ ጌጥ ነው። ጌጥም ክፋት የለውም፣ ግን ስለ እሱ ባለቤቱን አያስቸግሩት።

ባለቤቱን ለመጠየቅ ጊዜ መምረጥ ያስፈልጋል። ከ20:30 እስከ 21:30 ባለው ጊዜ ሥራ ስለሚበዛበት መልስ ቢሰጥም ልቡ ሌላ ቦታ ነው። ዶልቼው ከተበላ በኋላ፣ ግማሹ ጠረጴዛ ሲለቀቅ፣ «ዲ ኪ ኤ?» (የማን ሥራ ነው?) ብለው ይጠይቁት። «ምን ማለት ነው?» ከሚለው ይልቅ «እንዴት እዚህ መጣ?» የሚለው ጥያቄ ረጅምና ጣፋጭ ታሪክ ያመጣል። በዚህ ሰዓት ተነሥቶ ቀረብ ብሎ ማየትም ይፈቀዳል፤ እጅዎን ግን ወደ ኋላ ያድርጉ፣ ፎቶ ቢያነሡ ያለ ፍላሽ ይሁን፣ የሌላ ሰው ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብለው አይዩ። ልጆች ይዘው ከሄዱ ከግድግዳው ራቅ ያለውን ጠረጴዛ ይጠይቁ፤ የቲማቲም ስጎ ከሸራ ላይ አይለቅም።

በቡናው ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። እዚህ «ማኪያቶ» ብለው ሲያዙ የሚመጣልዎ የአዲስ አበባው ወተት የበዛበት አይደለም፤ በትንሽ ሲኒ ያለ መራራ ቡና ላይ ጠብታ ወተት የነካው ነው። ካፑቺኖ ደግሞ የጧት መጠጥ ስለሆነ ከእራት በኋላ ያዘዘውን ሰው ባይከለክሉትም ይታዘቡታል።

ሂሳብ ካልጠየቁት አይመጣም። ማንም እንዲነሡ አይገፋዎትም፤ «ኢል ኮንቶ» ሲሉ ብቻ ይቀርባል። ሲመጣም «ኮፔርቶ» የሚል መስመር ያገኛሉ፤ ለዳቦና ለገበታው የሚከፈል ሲሆን ብዙውን ጊዜ በሰው ከ2 እስከ 3 ዩሮ ነው፣ ማጭበርበር አይደለም፣ ዝርዝሩም ላይ ተጽፎ መገኘት አለበት። ጉርሻ መስጠት ግዴታ አይደለም። ደስ ካለዎት ጥቂት ዩሮ ጠረጴዛው ላይ መተው ይበቃል። ደረሰኝዎን ይዘው ይውጡ።

ሥዕል መግዛት ካማረዎት ግን የእራቱን ሂሳብና የሥዕሉን ዋጋ በአንድ ንግግር አያቀላቅሉ። በዚያ ምሽት ስለ ሠዓሊው ይጠይቁ፣ የዋጋ ዝርዝሩን ይመልከቱ፣ ሻጩ ሠዓሊው፣ ጋለሪው ወይስ ቤቱ እንደሆነ ያረጋግጡ፤ ክርክሩን በወይን ሳይሞቁ በማግስቱ በስልክ ያድርጉት። ዋጋው ቢቀንስም ባይቀንስም፣ ሠዓሊው የፈረመበት የሥራው ትክክለኛነት ማረጋገጫ ወረቀት ሳይሰጥዎት ገንዘብ አይክፈሉ። ሥዕሉን የሚረከቡት ብዙውን ጊዜ ማሳያው ሲያበቃ ስለሆነ ወረቀቱ ላይ ቀይ ነጥብ ተለጥፎ ለሳምንታት እዚያው ይቆያል። ለመረከብ የሚመለሱበትን ቀን ሲቀጥሩ በዚያው ስልክ ለሁለት ሰው ምሳ ያስይዙ፣ ከሥዕልዎ ፊት ለፊት።